ወደ ብርቱካኗ የሚወስደው መንገድ

ሰውየው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀያሽ ነበር። መንገድ ያልገባበትን ሜዳና ሸለቆ በመሣሪያው እያየ፣ ችካል እየተከለ፣ ሲባጎ እየወጠረ፣ "በዚህ ይለፍ፣ በዚያ አይለፍ" ሲል ነው ጸጉሩ የሸበተው። ጡረታ የወጣ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን የምስጋና ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተተና በማግስቱ ጠዋት ሲባጎውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ጓሮው ስምንት ሜትር በሃያ ሁለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከልብስ ማስጫው ሽቦና ሚስቱ ከተከለቻት አንዲት የብርቱካን ዛፍ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረበትም።

በሁለት ዓመት ውስጥ ጓሮው የሚያውቀው ሰው እንኳ የማይለየው ሆነ። መደቦቹ ሁሉ አራት ማዕዘን ናቸው፤ ጠርዛቸው በጡብ ተይዟል። ሰላጣው በረድፍ፣ ጽጌረዳው በረድፍ፣ ሽንኩርቱ ሳይቀር ሰልፍ የወጣ ይመስላል። መካከል ላይ መሬቱን ሦስት ደረጃ ቆፍሮ ዝቅ በማድረግ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ መቀመጫ አበጀለት። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ያችን ደረጃ ነው፤ አንዷ ከሌላዋ በአንዲት ጣት እንኳ አትበልጥም እያለ። የሰፈሩ ሰው ይህን አይቶ "ጋሽ ቀጥታ" አለው። ስሙ ጆሮው ሲደርስ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ያለው ይመስላል።

የጓሮ ወዳጆቹን ስብስብ የጀመረችው አዋላጇ ናት። አጥር ለአጥር የምትጎራበታቸው፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ነገር ማለባበስ የማይሆንላት ሴት ነች። ግቢዋ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ስለሆነ በተሰነጠቀ ባልዲ፣ በአሮጌ ሳፋ፣ ባገኘችው በርሜል ሁሉ አትክልት ታበቅላለች። አንድ ቀን የውኃ ጎማ ልትዋስ መጥታ መደቦቹን ስታይ ቆየችና፣ "ጋሼ፣ ይሄ አትክልት ነው ወታደር?" አለችው። ሳቀ። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን እሱ በተራው ባልዲዎቿን ሊያይ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ንጣፍ ሠሪ ተጨመረ፤ ከየሥራ ቦታው የተረፈ የሴራሚክ ስብርባሪ እየለቀመ ግድግዳው ሥር ያለችውን እንደ መቀነት የጠበበች መሬት ያስጌጠ፣ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ የዕረፍት ቀን ጠዋት፣ በተራ፣ በአንዳቸው ጓሮ ይገናኙ ጀመር። አንዱ በደብተር የሳለውን ያመጣል፤ ሌላው የትም መንገድ ላይ ያየውን አጥር ይናገራል፤ ይህ ተክል ከዚያ ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ውኃው በየት ቢወርድ እንደሚሻል ይከራከራሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ እንግዶቹ ያዩትንና ያሰቡትን ተናግረው እስኪጨርሱ ባለ ጓሮው አፉን ይዘጋል። ሕጉን ያወጣችው አዋላጇ ስትሆን ምክንያቱ ቀያሹ ነው፤ ሰው አንድ ነገር ሳይጨርስ ሜትሩን ከኪሱ መዞ ይነሣል።

ሚስቱ እዚህ ክርክር ውስጥ አትገባም ነበር። ሠላሳ ዓመት የስልክ አገናኝ ሆና የሠራች ሴት ናት። በዚያ ዘመን ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው በእሷ እጅ አልፎ ነበርና፣ በጆሮዋ ያልሰማችው የሰው ልጅ ነገር የለም፤ የሞት መርዶ፣ የልደት ብሥራት፣ የፍቅር ጠብ። ዳሩ ግን አንድ ቀን አንዲት ቃል ቤት ይዛ መጥታ አታውቅም። ባሏ ጡረታ ከወጣ በኋላ ጓሮው ለእሱ ሆነ፤ ለእሷ የቀረችው ብርቱካኗ ናት። እዚህ ቤት የገቡበት ዓመት ከፍሬዋ በቆርቆሮ ጣሳ አብቅላ፣ ከጓሮው ጥግ የተከለቻት ናት። ሥሯ ያለችው አግዳሚ ወንበር የእሷ ናት፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ ካልተቀመጠች ቀኑ የመሸ አይመስላትም።

ዓይኗ መድከም የጀመረው መቼ እንደሆነ ባሏ አያውቅም። እሱ ሩቅ ያለ ችካል አንድ ጣት ቢያዘነብል የሚያይ ሰው፣ በአንድ ማዕድ የምትቀርበው ሴት ዓይኗ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ሲሄድ አላየም። እሷም አልተናገረችም። መጀመሪያ የነቃችው አዋላጇ ናት። አንድ ጠዋት ብርጭቆ ውኃ ብታቀብላት የሴትየዋ እጅ ከብርጭቆው አጠገብ ባለው አየር ላይ ተዘረጋና ቀረ። አዋላጇ ብርጭቆውን ከእጇ ጋር አገናኘችው። ወዲያው ባልየውን አጥር ጥግ ጠርታ፣ "ነገ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ነገ ማለቴ ነገ ነው" አለችው።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን፤ ምን ያህል እንደሚቆይ ግን ዋስትና የለኝም አላቸው። ቤት ሲደርሱ ሚስቱ፣ "ለልጃችን አሁን አትንገራት፤ ሩቅ አገር ሆና እንቅልፍ ታጣለች" አለች። ከዚያ ራት ሠራች።

ከወር በኋላ ወደቀች። የወደቀችው ሌላ ቦታ አይደለም፤ እዚያችው በጣት ልክ ከተለካችው ደረጃ ላይ ነው። ከሽቦው ላይ አንሶላ አውርዳ ታቅፋ ስትመለስ እግሯ መሬቱን አጣ። ቀያሹ ድምፅ ሰምቶ ሲወጣ ነጭ አንሶላ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ እሷ ከላዩ ተቀምጣለች። የግራ እጇ አንጓ ተሰብሯል። አላለቀሰችም። "ደረጃዋ ስንት ነበረች?" ብላ ጠየቀችው። "ሦስት" አላት። "እኔ ሁለት ነበር የቆጠርኩት" አለች።

ጀሶው ታስሮላት በተኛች ሳምንት ቀያሹ መዶሻና መሮ ይዞ ያችን መቀመጫ አፈረሳት። ጥርብ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወጣ አጥር ሥር ከመረ፤ ጉድጓዱን በአፈር ሞላ። ንጣፍ ሠሪው ድምፁን ሰምቶ መጣና ሳይጠይቅ አካፋ አነሣ። ሁለቱም እስኪመሽ አፈር ሲያመላልሱ ቆዩ።

የሚቀጥለው ስብሰባ በእሱ ጓሮ ነበር። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ "ጓሮውን ለእሷ እንደ አዲስ ላወጣው ነው። ሐሳብ ስጡኝ" አላቸው። ሐሳብ ዘነበ። አዋላጇ መሬቱ ሁሉ አንድ ወጥ ይሁን፣ የሚያደናቅፍ ጡብ ይነሣ አለች። ንጣፍ ሠሪው ጫማ ሥር የሚታወቅ ንጣፍ አነጥፋለሁ አለ። በየማዕዘኑ የጥብስ ቅጠል ተተክሎ ሽታው ይምራት ያለው እኔ ነኝ ብሎ በኋላ ማንም አላመነም፤ የዚያን ቀን ግን ሁሉም ወደዱት። ከበሩ እስከ ብርቱካኗ በእጅ የሚያዝ ገመድ ይወጠር የሚለው ደግሞ የቀያሹ የራሱ ነው። የጎረቤት መልካምነት አያልቅም፤ ሁሉም ከልባቸው ነበር። ሴትየዋ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ተኝታ ድምፃቸውን ትሰማለች። ገብቶ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እንዳትደክም ብለው ነው።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዋናው ነገር መንገዱ ነው፤ ከወጥ ቤቱ በር ተነሥቶ ወንበሯ ድረስ የሚሄድ፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ዝንፍ የማይል መስመር። ቀያሹ ሲባጎውን ሲወጥር መንገዱ ከዛፏ ግንድ በአንድ ክንድ ርቀት ያልፋል። ንጣፉ እንዳይሰምጥ ሁለት ስንዝር ተቆፍሮ ጠጠርና ሲሚንቶ መግባት ነበረበት። ዛፏ አጠገብ ሲደርሱ ዶማው ሥር አገኘ፤ እንደ ክንድ የወፈረ ሥር፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ።

ንጣፍ ሠሪው ዶማውን አቆመ። "ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ ብናጥፈው?" አለ።

"መታጠፊያ ካለው ትስታለች። ቀጥ ካለ ግን እግሯ ራሱ ይወስዳታል" አለ ቀያሹ።

"ዛፏ ትጎዳለች ብዬ ነው።"

"ሃያ ስድስት ዓመት የቆመች ዛፍ ናት። ሦስት ሥር ቢጎድልባት ትችለዋለች።"

መጋዝ አምጥቶ ራሱ ቆረጣቸው። ንጣፍ ሠሪው በዕድሜ ልጁ ነው፤ ሽማግሌ ያለውን አልሽር ብሎ ዝም አለ።

መንገዱ አማረ። ሴትየዋ ጀሶዋ ከተፈታ በኋላ በቀኝ እጇ ገመዱን ይዛ የመጀመሪያ ቀን ስትሄድበት አዋላጇ ከአጥሩ ማዶ አፏን ይዛ ታይ ነበር። ወንበሯ ጋ ደርሳ ስትቀመጥ ቀያሹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንት መንገድ ቀይሷል፤ ሰው ሲሄድበት ቆሞ ያየው ግን ይህን ብቻ ነው።

በጋው ሲገባ የብርቱካኗ ቅጠል በመንገዱ በኩል ቢጫ ሆነ። ቀያሹ ውኃ ጠማት አለና ጎማውን ሥሯ አዋለ። ቅጠሉ ረገፈ። ፍግ ጨመረ፤ ቅርንጫፎቿ ከጫፍ ጀምረው ደረቁ። አንድ ጠዋት ቀርቦ ግንዷን በጥፍሩ ሲፍቀው ልጡ ሥር አረንጓዴ የለም። በሌላው በኩልም ፋቀ። እዚያም የለም።

ያን ቀን ከሰዓት ሚስቱ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ "ዘንድሮ አላበበችም?" ብላ ጠየቀችው።

"ጀምራለች። ከላይ ከላይ ነው፤ ዘግይታለች" አላት።

ከአፉ ሲወጣ አላሰበበትም። ልክ ሰው ዕቃ ሲወድቅ እጁን እንደሚዘረጋ ሆኖ ነው የወጣው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእሱ ግን እያደር ከበደ። በሁለተኛው ሳምንት "እንቡጧ በዝቷል" አላት። በሦስተኛው የደረቁትን ቅጠሎች እግሯ ሥር እንዳይንኮሻኮሹ ከመነሣቷ በፊት መጥረግ ጀመረ። የቆረጣቸው ሥሮች በሕልሙ አልመጡበትም፤ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ነው የሚመጡበት። የብርቱካን አበባ ሽታ ጎረቤት ድረስ እንደሚሄድ እንኳ ረሳ። ዓይን ያለው ሰው ሁሉም ነገር በዓይን የሚታወቅ ይመስለዋል።

ወዳጆቹ መጥተው ዛፏን አዩ። ንጣፍ ሠሪው አንገቱን ደፋ። ሴትየዋ አጠገባቸው ስለተቀመጠች ማንም አልተናገረም፤ ስለ ቲማቲም ድጋፍ ሲያወሩ አረፈዱ። ስለዚያ ጠዋት ዝምታ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ተደምሮ ግን ጠዋቱን ሙሉ ተባብሮ መዋሸት ነው። አዋላጇ ስትወጣ ቀያሹን በሩ ላይ ያዘችው።

"ጋሼ፣ እኔ ልጅ ሞቶ መወለዱን ለእናቱ ስንቴ ተናግሬያለሁ" አለችው። "ያለቀስኩባቸው አሉ፤ የተሰደብኩባቸውም አሉ። የሚጠሉኝ ግን የነገርኳቸው አይደሉም። አንዴ ፈርቼ ያዘገየሁባት አንዲት ሴት አለች። ዛሬም መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች።"

"ይሄ እኮ ዛፍ ነው" አላት።

"ዛፍ ከሆነ ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?"

መልሱን ሳትጠብቅ ሄደች።

ሁለት ቀን ያን ሐሳብ ይዞ ዞረ። ሲላጭ አፉ ውስጥ ይለማመዳል፤ ምሳ ላይ ይጀምርና ጨው አቀብይኝ ብሎ ይጨርሳል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ወንበሯ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ያለ ከልካይ አናታቸው ላይ አርፋለች፤ ድሮ ይህ ሰዓት ጥላ ነበር።

"ዛፏ ሞታለች" አላት። "እኔ ነኝ የገደልኳት። መንገዱን ስሠራ ሦስት ሥር ቆረጥኩ። ንጣፍ ሠሪው ተው ብሎኝ ነበር።"

ሴትየዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"መቼ ልትነግረኝ ነበር?"

"አላውቅም።"

"ካወቅኩ ወር አልፎኛል" አለች። "ቅጠሏን ስይዘው እንደ አሮጌ ወረቀት እጄ ላይ ተፈረፈረ። አናቴ ሲሞቀኝስ ጥላዋ የት ሄደ ብዬ የማላስብ ይመስልሃል? ጠዋት ጠዋት ስትጠርግ እሰማሃለሁ። ሳትጠየቅ መጥረጊያ ነክተህ አታውቅም።"

ሊስቅም ሊያለቅስም ዳዳው።

"ሠላሳ ዓመት ስልክ ላይ ሰው ሲዋሽ ስሰማ ኖሬያለሁ" ብላ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። "የሚዋሽ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹን ይውጣል፤ ከዚያ ቃሉ ቀጠን ብሎ ይመጣል። ያን ትንፋሽ ከዚህ ቤት አላውቀውም ነበር። አበባው ዘግይቷል ስትለኝ እዚሁ ወንበር ላይ ሰማሁት። ዛፏስ ትሙት፤ እኔም እሞታለሁ። ግን ስማኝ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይቺም የቀረችኝ ብርሃን ትሄዳለች። ያኔ ምን ዓይነት ቀን እንደዋለ፣ ማን ፊቱ እንደተከፋ፣ ልብሴ የቆሸሸ እንደሆነ የምትነግረኝ አንተ ነህ። ስታባብለኝ ከዋልክ እኔ በምን አያለሁ?"

ቀያሹ እጇን ሊይዝ ፈለገ፤ መብት ያጣ መሰለው። እሷው ፈልጋ አገኘችው።

"ሌላ የደበቅከኝ አለ?" አለችው።

"ሐኪሙ ባለፈው ስለ ዓይንሽ ለብቻዬ የነገረኝ አለ" አላት። "አንድ ዓመት ቢሆን ነው አለኝ። እኔ ሁለት ሦስት ብዬ ነው የነገርኩሽ።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ አንዳቸውም ተነሥተው አልሄዱም።

ዛፏ የተቆረጠችው በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ነው። ንጣፍ ሠሪው ትልቅ መጋዝ ተውሶ መጣ። መጀመሪያ ያደረገው ግን ሴትየዋ ፊት ቆሞ፣ "እትዬ፣ ሥሩን ሳየው ጠንክሬ መናገር ነበረብኝ" ማለት ነው። "ለእሱ ጠንክሮ የተናገረ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፤ አንተ ምን ታደርግ" አለችው። ሲቆርጡ ዳር ሁኚ ቢሏት እምቢ አለች። መዳፏን ግንዱ ላይ አድርጋ መጋዙ እስከ መሐል እስኪደርስ ንዝረቱን ስታዳምጥ ቆየች፤ ሊወድቅ ሲል አዋላጇ ይዛ አራቀቻት።

ዛፏ ከወደቀች በኋላ ሴትየዋ ባሏን የተቆረጡትን ሥሮች አሳየኝ አለችው። ቀያሹ ከንጣፉ ጠርዝ አፈሩን በእጁ ጫረና ጣቷን ወስዶ የሥሩ ጉማጅ ላይ አሳረፈው። የመጋዙ ፊት እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። አንዱን ዳሰሰች፤ ሁለተኛውንም፤ ሦስተኛውንም። እሱ መሬቱ ላይ ተንበርክኮ ያን ሁሉ ጊዜ የእሷን እጅ እንጂ ፊቷን ማየት አልቻለም። "ንጹሕ አቆራረጥ ነው" አለች በመጨረሻ። ፍርድ ይሁን ምስጋና ይሁን ወይም እንዲሁ የዳሰሰችውን መናገሯ ይሁን አላወቀም፤ አልጠየቃትምም።

ሦስቱ ሊሰነባበቱ ሲሉ፣ "ቁጭ በሉ፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው" አለቻቸው። ቁጭ አሉ። ሕጉ ባለ ጓሮው ዝም ይበል የሚል መሆኑን አዋላጇ ልታስታውሳት ስትል፣ "እኔ እስካሁን ዝም ብዬ ነው የኖርኩት፤ ድርሻዬን ጨርሻለሁ" አለችና ነገሯን ጀመረች።

የጥብስ ቅጠሉ ይነቀል አለች። አራቱም ማዕዘን አንድ ዓይነት ስለሚሸት ንፋስ በነፈሰ ቁጥር የት እንዳለች ይጠፋታል፤ አንድ ብቻ፣ እሱም በሩ ጋ ይቅር። ገመዱ ይውረድ፤ "ጥጃ አይደለሁም" አለች። ንጣፉ ለእግሯ ጥሩ ነው፤ ግን ድምፅ የለውም። ከውጭ በሩ እስከ ቤቱ ጠጠር ይነስነስ፣ የሚመጣውን ሰው በኮቴው ልለየው፤ ሰው ድንገት አጠገቤ ሲያወራ ልቤ ይደነግጣል አለች። ጡቦቹንም ለምን አነሣችኋቸው ብላ ጠየቀች። መደቡ የት እንደሚያልቅ ጫማዋ ይነግራት የነበረው እነሱ ናቸው። የወደቀችው በጡብ አይደለም፤ በማይታይ ጉድጓድ ነው።

አዋላጇ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ንጣፍ ሠሪው በደብተሩ ይጽፋል። ቀያሹ ሜትሩን ከኪሱ አላወጣም።

"ከግድግዳው ሥር ያለውን መደብ ደግሞ ለእኔ ልቀቁልኝ። የምተክለውን እኔ ዐውቃለሁ። ማንም እንዳያስተካክልልኝ" ብላ ጨረሰች።

እንዳለችው ሆነ፤ ወዲያው ግን አይደለም። ጠጠሩ መጀመሪያ በጣም ደቀቀና እንደ አሸዋ ድምፅ አልባ ሆነ፤ ጠርገው ሌላ አፈሰሱ። ጡቦቹን ንጣፍ ሠሪው በጎናቸው አቁሞ ተከላቸው፤ እሷ እየሄደች "እዚህ ጋ ከፍ፣ እዚያ ጋ ዝቅ" ትለዋለች። በግድግዳው ሥር በጣቷ እየለካች ናና፣ ካሮትና ባቄላ ዘራች። ካሮቱ ተደራርቦ በቀለ፤ ባቄላው ናናው ላይ ወጣ። ቀያሹ ጠዋት ጠዋት አጠገቡ ሲያልፍ እጁን ኋላው አጣምሮ ነው። አንድ ቀን ግን አላስችል ብሎት አንዲት ባቄላ ሊያቃና ጎንበስ ሲል ከመስኮቱ፣ "እሰማሃለሁ" የሚል ድምፅ መጣበት።

ስብሰባቸው ቀጠለ፤ አሁን ግን አራት ናቸው፤ ባልና ሚስቱ ተራቸውም ለየብቻ ነው። ሰው ጓሮ ሲሄዱ እሷ መጀመሪያ ዝም ብላ ትዞራለች፤ ከዚያ አይተውት የማያውቁትን ትነግራቸዋለች። አዋላጇን በርሜሎችሽ ከምዕራብ የሚመጣውን ንፋስ ሰብስበው በሩ ላይ ይለቁታል፣ ለዚህ ነው ቲማቲምሽ የሚሰበረው አለቻት። ቀያሹ ይህን ሲሰማ ደብተሩን ይከፍታል። ስንት ዘመን መሬት ሲለካ ኖሮ ንፋስ የሚባል ነገር ንድፉ ላይ አስገብቶ አያውቅም ነበር።

የተነገራት አንድ ዓመት አሥራ አራት ወር ሆነ። ቀያሹ በዚያ ጊዜ ሁሉ እንደጠየቀችው ያየውን ሳይደብቅ ነገራት፤ ልብስሽ ላይ ዘይት አለ ይላታል፤ ዛሬ ሰማዩ ጥሩ አይደለም፣ ደብዛዛ ነው ይላታል፤ ልጃቸው ለጉብኝት መጥታ ከእናቷ ዞር ብላ ባለቀሰች ጊዜ፣ "እያለቀሰች ነው" ብሎ ነገራት፤ እሷም ወደ ልጇ ሄዳ አቀፈቻት። ይህን መናገር መጀመሪያ እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። ቆይቶ ግን ቃላት መምረጥ ተማረ፤ አረንጓዴ ከማለት ምን ዓይነት አረንጓዴ እንደሆነ፣ ደመና ከማለት ወዴት እንደሚሄድ።

አንድ ጠዋት ከእንቅልፏ ነቅታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መጋረጃው ተገልጦ እንደሆነ ጠየቀችው። ተገልጧል አላት፤ ፀሐይም ወጥታለች፤ ግድግዳው ላይ እስከ ሥዕሉ ድረስ ደርሳለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ወደ እሱም መለሰች።

"እንግዲህ ሄዷል" አለች።

የሚያባብል ነገር ተከልክሏል። አጠገቧ ተቀመጠ። ትከሻው ላይ ራሷን ጣል አደረገችና ብዙ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ፤ እያለቀሰ እንደሆነም ነገራት። ውጭ የአዋላጇ በር ተከፍቶ ሲዘጋ፣ አንድ መኪና አልነሣ ብሎ ሲያስል ይሰማል።

ቆይታ ፊቷን በልብሷ ጫፍ ጠረገች። "ትናንት ውኃ አጠጥተናል?" አለች።

"አላጠጣንም። አፈሩ ደርቋል፤ ባቄላው ጠውልጓል።"

ተነሣች። ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አጠለቀች፤ በሩን ከፍታ ወጣች። እሱ ቧንቧውን ሊከፍት ቀድሟት ሄደ። ጎማውን ስታነሣ ውኃው መጀመሪያ አየር እየተፋ፣ ኋላ በአንድ ወጥ ድምፅ መፍሰስ ጀመረ፤ እሷም ጣቷን በጎማው አፍ ላይ አድርጋ እየበተነች ከግድግዳው ጫፍ ጀምራ መደቧን ማጠጣት ያዘች።